ሁለተኛው ምዕራፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ጌታችን በተራራው ስብከቱ ካስተማራቸው ትእዛዛት አንዱ፣ አንድ ምዕራፍ እንዲሄድ የተገደደ ሰው ሁለተኛውን በፈቃዱ እንዲጨምር የሚያዝዘው ነው (ማቴ. 5፥41)። ቃሉን ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። በምን ሁኔታ ላሉ ሰዎች እንደ ተነገረ ስናስተውል ግን ምሥጢሩ ይበልጥ ይገለጥልናል።

በዚያ ዘመን የአይሁድ ምድር በሮም ኀይል ሥር ነበረች። ወታደሩ መንገደኛውን አስቁሞ ጓዙን ሊያሸክመው ይችል ነበር። በግሪኩ ወንጌል ለዚህ ግዳጅ የተጻፈው «አንጋሬዎ» የተባለው ግስ ከፋርስ ነገሥታት የመልእክተኞች ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። በእኛ መጽሐፍ «ምዕራፍ» የተባለው የሮማውያን የመንገድ ልክ ደግሞ 1,000 ድርብ ርምጃ፣ ይኸውም ወደ 1,480 ሜትር ነው። «ምዕራፍ» የሚለው ቃል «ዐረፈ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለ ሆነ ማረፊያ ማለት ነው። እንግዲህ ጌታችን ተጨማሪውን መንገድ የጠየቀው ተሸካሚው ሸክሙን አውርዶ ሊያርፍ በሚገባው ስፍራ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ምዕራፍ አዛዡ ወታደሩ ነው። በሁለተኛው ግን ያስገደደ የለም። ሸክሙም መንገዱም ያው ሲሆን፣ የተለወጠው የሚሄደው ሰው ነው፤ ተገዶ የተነሣው አሁን በፍቅር ይሄዳልና። የክርስቲያን አገልግሎት ከግዴታ የሚያልፍበት ድንበር ይህ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር እናስተውል። ጌታ ትእዛዙን የሰጠው ለተሸካሚው ነው እንጂ ለወታደሩ ሥልጣን አልጨመረለትም። ሁለተኛውን ምዕራፍ ከወንድሙ ላይ በግድ የሚጠይቅ ሰው ሁለተኛውን መልሶ አንደኛ ያደርገዋል።

ቅዱስ ጳውሎስ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና በጻፈው አጭር መልእክት፣ የማዘዝ ድፍረት ሳለው ስለ ፍቅር መለመንን መረጠ (ቍ. 8-9)። አናሲሞስን አጠገቡ ሊያስቀረው ሲወድ፣ የፊልሞና በጎነት በግድ እንዳይሆን ብሎ ያለ ፈቃዱ ምንም አላደረገም (ቍ. 14)። በመጨረሻም ፊልሞና ከተጠየቀው አብልጦ እንደሚያደርግ መታመኑን ገለጠ (ቍ. 21)። ትርፉን ተስፋ አደረገ እንጂ አላዘዘም።

ይህ ትምህርት በስደት ላለችው አጥቢያችን እጅግ ያስፈልጋል። በባዕድ አገር ቤተ ክርስቲያን የምትቆመው በአብዛኛው ከእንጀራ ሥራቸው በተረፈች ሰዓት በሚያገለግሉ ሰዎች ነው። ሌሊት ሠርቶ ሳይተኛ ለቅዳሴ የሚቆመው ዲያቆን፣ ጠበል ጸዲቁን የሚያዘጋጁት እናቶች፣ አዲስ ለመጣው ስደተኛ ሐኪም ቤት ድረስ አብሮ ሄዶ የሚያስተረጕመው ወጣት፣ ሁሉም ሁለተኛውን ምዕራፍ የሚሄዱ ናቸው። ነገር ግን ያው ሰው ደጋግሞ ሲያገለግል ልማድ ይሆንና ምስጋናው ይቀራል፤ አንድ እሑድ በቀረ ጊዜ ግን ወቀሳው ይደርሰዋል። ያን ጊዜ እኛ ሳናውቀው በወታደሩ ስፍራ ቆመናል ማለት ነው። በፍቅር የጀመረው አገልጋይም ልቡ ዝሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ርቆ ይቀራል።

አገልጋዩም የሚጠነቀቅበት ነገር አለው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሳይሄዱት ሁለተኛው የለም፤ ቤተ ሰቡን ችላ ያለ ሰው በውጭ በሚሠራው በጎነት ጕድለቱን አይሸፍንም (1ኛ ጢሞ. 5፥8)። ደግሞም የታዘዘውን ሁሉ የፈጸመ እንኳ ራሱን እንደማይጠቅም ባሪያ እንዲቈጥር ጌታ አስተምሯልና (ሉቃ. 17፥10)፣ በተጨመረው መንገድ መመካት አይገባም።

ስለዚህ ሌላው ሰው ስንት ምዕራፍ እንደ ሄደ ከመቍጠር ይልቅ ከሸክሙ ጥቂቱን እንቀበለው። ሳህኑን አብሮ ማጠብ፣ ወንበሩን አብሮ መደርደር፣ የደከመውን «ዛሬ እርስዎ ይረፉ፤ እኔ አለሁ» ማለት ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለተኛውን ምዕራፍ ለራሳችን ስንመርጠው፣ ለወንድማችን ደግሞ ማረፊያ እናተርፍለታለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።