የሃንጋር ጣሪያ እንደ ገደል፦ ርግብን ከአውሮፕላን ጥገና ስፍራ ስለ ማራቅ

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ወፎቹ ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አንደኛው ሞተር ወዲያው፣ ሁለተኛው ደግሞ አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲሞክሩ ኃይል አጡ። አውሮፕላኑ ጎማው ሳይዘረጋ በሆዱ ወርዶ በእሳት ተያያዘ፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እንዲህ ያለውን አደጋ ከሞተሩ ወገን መመርመር የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ጥያቄውን ከወፏ ወገን ያነሣል፦ ርግቧ የት ታድራለች?

በአደጋው ስሟ የተመዘገበው ኮሉምባ ጊኒያ የምትባለው ዝርያ ናት፤ ጀርባዋ የሸክላ መልክ ያለው፣ ክንፏ በነጭ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ የዓይኗ ዙሪያ ቀይ። አዲስ አበባ ውስጥ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያና በየሕንፃው ክፈፍ ሥር የምናያት እርሷው ናት። በተፈጥሮዋ የገደል ወፍ ስትሆን፣ ጎጆዋን የምትሠራው በዐለት እርከን ላይ ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ የሃንጋር ጣሪያ ለእርሷ የተመቸ ገደል ነው፦ ከፍ ያለ፣ ዝናብ የማይገባበት፣ ድመት የማይደርስበት፣ ጠፍጣፋ የብረት አግዳሚ የበዛበት። ምግቧ ግን እዚያ የለም። እህል ፍለጋ በመንጋ ወደ ማሳ ትወጣለች፤ ሲመሽ ትመለሳለች። ጎሮና አያት የእርሻ መሬት የነበሩበት ጊዜ ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ ማሳው ወደ ምሥራቅ ሲሸሽ የመንጋው የዕለት ጉዞም አብሮ የሚረዝም ይመስለኛል። የቦሌ መንደርደሪያዎችም በግምት ከምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጉ በመሆናቸው፣ ወደ ምሥራቅ የሚነሣ አውሮፕላን ወደዚያው አቅጣጫ ይወጣል። ስለዚህ ሃንጋር ውስጥ ያደረች ርግብ ሲነጋ የመንደርደሪያ ርግብ ትሆናለች።

የቦታው ከፍታም ጉዳዩን ያከብደዋል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በመደበኛ የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። አውሮፕላን በፍጥነት ጠቋሚው ላይ ተመሳሳይ ንባብ እያሳየ ለመነሣት በእውነተኛ ፍጥነቱ 12 በመቶ ያህል መጨመር አለበት፤ ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ በአንዲት ወፍ የሚደርሰው የግጭት ጉልበት በሩብ ያህል ይጨምራል። ባሕር ዳርም ቢሆን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው።

በሃንጋሩ ውስጥ በቀጥታ የሚደርሰው ጉዳት የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ኩስ አሲድነት ስላለው ሳይጠረግ ከቆየ ቀለምን ይበላል፤ የተጋለጠ ብረትን ያዝጋል፤ የሥራ መድረክን ያንሸራትታል። ሲደርቅ ትቢያው ለመተንፈሻ አካል ጎጂ ነው። ላባና የጎጆ ጭራሮ ደግሞ ተከፍቶ በሚጠገን ሞተር ውስጥ ሊቀር የሚችል ባዕድ ነገር ነው።

መፍትሔ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ አይረዱም። ከሰው የመስማት ወሰን በላይ የሚጮኹ መሣሪያዎች ለርግብ ዝም ናቸው፤ ርግብ እንዲያውም ከሰው ያነሰ ከፍተኛ ድምፅ ነው የምትሰማው። የፕላስቲክ ጉጉት ከጥቂት ቀናት በኋላ ማረፊያ ይሆናል። የበር መጋረጃም ለመጋዘን እንጂ፣ የክንፉ ስፋት 65 ሜትር ለሚጠጋ ኤርባስ ኤ350 በሚከፈት በር ላይ አይታሰብም። መርዝ ከሁሉ የከፋው ነው። የተመረዘች ርግብ የምትወድቀው ጭልፊትና ጥንብ አንሳ በሚዞሩበት ሰማይ ሥር ነው፤ በአዲስ አበባ የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ ደግሞ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተመድቧል። ከዚህም በላይ፣ የሞተ ወፍ ግዙፍ አሞራዎችን ወደ አየር ማረፊያው ይጠራል። ርግብን የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ አድርጎ ላደገ ሠራተኛ ይህን ሥራ ማዘዝም ቀላል አይደለም፤ ይህን ማመንታት እንደ እንቅፋት ከማየት ይልቅ ማክበሩ የሚሻል ይመስለኛል።

የሚሠራው ማረፊያውን መንሣት ነው። ከጣሪያው አግዳሚዎች በታች የሚወጠር መረብ ቀዳዳው 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ርግብን ያግዳል፤ ድንቢጥን ለማገድ ግን ወደ 20 ሚሊ ሜትር መጥበብ አለበት። ችግሩ በጣሪያው ላይ ክሬን መሄዱ፣ የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ መዘርጋቱ፣ ያረጀ መረብም ራሱ ባዕድ ነገር መሆኑ ነው። ስለዚህ መረብ ተሠርቶ ላለቀ ሕንፃ የሚደረግ ጥገና ነው፤ ሕንፃው ገና በወረቀት ላይ ሳለ ግን የተሻለ ምርጫ አለ። ከንፈሩ ጠፍጣፋ በሆነው የብረት አግዳሚ ፈንታ ክብ ቧንቧ መጠቀም፣ ወይም እርከኑን ከ45 ዲግሪ በላይ በሚያዘነብል ቆርቆሮ መሸፈን፣ ወፏ እንዳትቆም ያደርጋል። ክብ ቧንቧዎች የሚገናኙበት አንጓ ግን ጎጆ ሊይዝ ስለሚችል ተለይቶ መደፈን አለበት።

አይጥና ተርብ ሌላ ጽሑፍ ይገባቸዋል። ተርብን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ፦ ጥር 28 ቀን 1988 ዓ.ም. ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተነሥቶ 189 ሰዎች ባለቁበት የቦይንግ 757 አደጋ፣ የፍጥነት መለኪያ ቱቦውን የዘጋው የተርብ የጭቃ ጎጆ ሳይሆን እንዳልቀረ ተገምቷል። አውሮፕላኑ ቆሞ በሰነበተበት ጊዜ ቱቦው ክዳን አልነበረውም።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ የሐይቅ ወፎች በሚመላለሱበት አካባቢ ነው። ለሃንጋሮቹ ጣሪያ የሚመረጠው ብረት ክብ ይሁን ጠፍጣፋ፣ ጥያቄው ለመዋቅር መሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን ለአዕዋፍ ተመራማሪውም ሊቀርብ የሚገባው ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ነው።