ሳጥኑ የያዘውን ለምን እንደግመዋለን?

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ የፎርም ላይብረሪ በየቦታው ሞልቷል። የራሳችንን ትንሽ እንጻፍ የሚሉት ለምንድን ነው?

ጋሼ፦ ሰው ስሙን ሲጽፍ የጻፈው የት ይቀመጣል?

ወጣቷ፦ ስቴት ውስጥ ነዋ።

ጋሼ፦ ይኸውልሽ! እናንተ ከሪአክት የጀመራችሁ ልጆች ሳጥኑ ራሱ እንደሚይዘው ትረሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ኤችቲኤምኤል 2.0 ፎርም ነበረ፤ ብራውዘሩ የተጻፈውን ይይዛል፣ ሰብስቦም ይልካል። ሬደክስ ፎርም የሚባለው ላይብረሪ ግን እያንዳንዷን የቁልፍ ንክኪ መላው መተግበሪያ ወደሚጋራው ስቶር ይልካት ነበር።

ወጣቷ፦ እኔ ላፕቶፕ ላይ እኮ ምንም አይታወቅም።

ጋሼ፦ በርካሽ ስልክ ሞክሪው፤ ያውም በአማርኛ። በላቲን ፊደል በሚሠራ ኪቦርድ «በ» ስትጽፊ መጀመሪያ «ብ» ይወጣል፣ አናባቢው ሲነካ ነው የሚቀየረው። ላይብረሪው በየንክኪው ገብቶ ጽሑፉን ላስተካክል ካለ ፊደሉ ይበላሻል። በየንክኪው ከፈተሸም ሰውየው ሳይጨርስ በቀይ ይጮህበታል።

ወጣቷ፦ ፎርሚክ የሚባለው ላይብረሪ ይህን አላስቀረውም?

ጋሼ፦ ስቴቱን ከጋራው ስቶር አውጥቶ ወደ ፎርሙ አመጣው፤ ሸክሙ ቀለለ እንጂ አልወረደም። ሪአክት ሁክ ፎርም ነው የተጻፈውን ሳጥኑ ውስጥ ትቶ ሲያስፈልገው ብቻ ማንበብ የመረጠው።

ወጣቷ፦ ታዲያ እሱን እንውሰድ!

ጋሼ፦ ሥራሽ በሪአክት ከሆነ ውሰጂ፣ አልከለክልሽም። የእኛ ገጾች ግን ሰርቨር ላይ ተሠርተው የሚመጡ ተራ ኤችቲኤምኤል ናቸው። ለሦስት ፎርም ሪአክትን መጫን ምን የሚሉት ነው? መሞላት ያለበትን «ሪኳየርድ» ይጠብቃል፣ የኢሜይሉን ቅርጽ ብራውዘሩ ያያል፣ መረጃውን «ፎርምዳታ» ይሰበስባል።

ወጣቷ፦ ታዲያ እኛ ለምንጽፈው ላይብረሪ ምን ቀረለት?

ጋሼ፦ የስህተት መልእክቱ። ብራውዘሩ የሚናገረው በራሱ በተጫነበት ቋንቋ ነው፤ የአማርኛ መልእክት በ«ሴት ከስተም ቫሊዲቲ» እንሰጠዋለን። ታዲያ አንድ ተንኮል አለው፦ ሰውየው ካስተካከለ በኋላ መልእክቱን ባዶ ካላደረግሽው ፎርሙ እንደተቆለፈ ይቀራል። ይህን በየገጹ በእጅ የሚጽፍ ሰው አንዱ ጋ መርሳቱ አይቀርም። ሌላው የሰርቨሩ መልስ ነው፤ «ይህ ስልክ ተመዝግቧል» የሚለው ከስልኩ ሳጥን ሥር መታየት አለበት። የመላኪያው ቁልፍ ሁለቴ ሲነካ ሁለቴ እንዳይልክ መከልከልም አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ወጣቷ፦ የስም ፍተሻስ? ከኤ እስከ ዜድ ብቻ የሚል ፓተርን አስገብቼ ነበር።

ጋሼ፦ አውጪው! በግዕዝ ፊደል የጻፈውን ሁሉ ትመልሺ የለ እንዴ? «የቤተሰብ ስም» የሚለውንም የአባትና የአያት ስም አድርጊው።

ወጣቷ፦ እሺ። ብራውዘሩ ከፈተሸ ሰርቨሩ ላይ መድገም ያስፈልጋል?

ጋሼ፦ ግዴታ ነው። «ሪኳየርድ»ን ማንም ሰው የብራውዘሩን መመርመሪያ ከፍቶ ያጠፋዋል። ያለ ብራውዘር በቀጥታ የሚልክም አለ፤ እሱ ላይብረሪሽን አያየውም።