ካርዱ ቢጠፋስ?

መካኒሳ አካባቢ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ቀን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ወጣት ይዤ ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄድኩ። ካርድ ክፍል "ካርድህ የለም፤ ምን ነበር የምትታከመው?" አሉት፣ ያውም ወረፋው መሐል። ልጁ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። መድኃኒት ደግሞ መቋረጥ የለበትም!

መላው ምንድን ነው? የኤሌክትሮኒክ ካርድ ነው። በዛምቢያ የተጀመረው ስማርትኬር የተባለ ሶፍትዌር ወደ አገራችንም ገብቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ካርዱን ቶሎ ያወጣል፣ ቀጠሮ ያለፈበትንም ያሳያል። ሆኖም ባለሙያው በወረቀትም በኮምፒውተርም እንዲጽፍ ከተገደደ ይሰለቻል፤ መብራትም ይጠፋል። ስለዚህ ሥልጠናና መጠባበቂያ ያስፈልጋል።

ምስጢርስ? እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱ የይለፍ ቃል ሊኖረው ይገባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለላችሁ። "መረጃዬን ማን ያየዋል?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው!