ጤዛን ከእናትህ ጋር ለማየት ካሰብክ

ልጄ፣ ባለፈው ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ምሳ ስንበላ «ጤዛን ለእማዬ ላሳያት እፈልጋለሁ፤ ግን ፈራሁ» ብለኸኝ ነበር። ሰው ስለበዛ ያኔ አልመለስኩልህም። እኔንም ሴት ልጄ ይህንኑ ፊልም አሳይታኛለችና ያየሁትን ልንገርህ።

1. ፊልሙን አንተ ለምን እንደምትወደው አስቀድመህ ለይ። የኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አግኝቷል። አንተን የማረከህ ታሪኩ ከጣና ዳር ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስበት ጥበብ ነው። እናትህ የምታየው ሌላ ነው። አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ወደ መንደሩ ሲመለስ፣ የእሷ ዓይን ያለው እናቱ ላይ ነው።

2. ድንገት አትክፈትባት። ግድያ እንዳለበት፣ ለጦርነት ከሚያፍሷቸው ወታደሮች ሸሽተው ዋሻ የሚደበቁ ልጆች እንዳሉበት፣ በባዕድ አገር የሚደበደብ የእኛ ሰው እንዳለበት ንገራት። «ይቅርብኝ» ካለች ቡናህን ጠጥተህ ተመለስ፤ አትለምናት። የእኔ ልጅ «ስለ ጎንደር ነው አባዬ» ብቻ ብላኝ ነበር። እኔም የሐይቁን ጠዋት አያለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

3. እቤቷ ይሁን። ግራንድ ሌክ ሲኒማን እወደዋለሁ፤ ከ1926 ጀምሮ የቆመ ያማረ ቤት ነው። ለዚህ ግን አይሆንም። በ880 አውራ ጎዳና ወርደህ ሳን ሆዜ፣ እሷ ዘንድ ሂድ። በገዛ ቤቷ ወጥ ለማማሰል ብላ መነሳት፣ ፊቷን ታጥባ መመለስ ትችላለች። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው፤ አቦሉ ሲቀዳ ጀምረው፣ ቶናው ሲደርስ አቁመው። በረካው ላይ «የቀረውን ሌላ ቀን» ካለች እሺ በላት።

4. ጀርመንኛው ሲመጣ በለሆሳስ አስተርጉምላት። ከታች የሚጻፈው እንግሊዝኛ ለእሷ ዓይን ይፈጥንባታል።

5. ፊቷን አትይ። ይህን አደራ እልሃለሁ። ልጄ ፊልሙን ትታ እኔን ስታይ ነበር፤ አውቄባታለሁ። ልጆቹ ዋሻ ውስጥ ሲታዩ ባዶ ሲኒዬን አንስቼ ማዞር ጀመርኩ፤ አተላው ሱሪዬ ላይ ሲፈስም አላወቅሁም። ወንድሜን ያጣሁት በ1970፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በቀይ ሽብር ነው። በዚያ ዘመን ልጁ ለተገደለበት ቤተሰብ ማልቀስም ሐዘን መቀመጥም ክልክል ነበር። እናቴ ጎረቤት እንዳይሰማት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስሙን ያነሳ የለም። እናንተ አሜሪካ የተወለዳችሁ ልጆች እንባ ካላያችሁ ነገሩ ያልነካን ይመስላችኋል። እናትህ ዓይኗ ደርቆ ብታያት፣ ነጠላዋን ብታስተካክል፣ ስለ ሽሮው ብታወራ፣ ተዋት።

6. «አንቺስ ከየትኛው ወገን ነበርሽ?» ብለህ አትጠይቃት። ያኔ ኢሕአፓና መኢሶን ሆነው የተገዳደሉ ሰዎች ዛሬ እዚህ በአንድ ለቅሶ ቤት ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ንፍሮ ይዘግናሉ። ያንን ሰላም ያገኙት ብዙ ነገር ሳያነሱ አልፈው ነው። ልጄ ጠይቃኝ ነበር፤ ተቆጣኋት፤ እስከዛሬም ይቆጨኛል።

7. ሌሊቱን እዚያው እደር። የሥራ ቀን ከሆነ ጨርሶ አትጀምረው። የእኔ ልጅ ከተቆጣኋት በኋላ ትሄዳለች ብዬ ነበር፤ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ተኛች። እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ሊነጋጋ ሲል ወጥ ቤት ገባሁ። መብራቱን ሳላበራ ተቀምጬ ሳለሁ በባዶ እግሯ መጣች። ምንም አላለችኝም፤ ጀበናውን አጥባ ጣደችው። ውሃው መንሿሿት ሲጀምር የወንድሜን ስም ነገርኳት።

«ስንት ዓመቱ ነበር?» አለችኝ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

«አሥራ ዘጠኝ» አልኳት።