ከተራ ጽሑፍ ወደ ድረ ገጽ፦ የፓንዶክ አሠራር

የፊዚክስ ተማሪ ቤተ ሙከራ ሲገባ አስቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ የመለኪያ መዝገቡን መጠበቅ ነው። ግራፉ ቢጠፋ ከመዝገቡ እንደገና ይሳላል፤ መዝገቡ ከጠፋ ግን ግራፉ ብቻውን መረጃውን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ይኸው ደንብ በኮምፒውተር ለምንጽፈውም ይሠራል። ይህንን ለማስረዳት ተራ ጽሑፍን ወደ ድረ ገጽ የሚለውጠውን ፓንዶክ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር በምሳሌነት እንወስዳለን።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ብርሃን በአማርኛ ያዘጋጀነውን ማስታወሻ በዘመኑ በነበረ አንድ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አስፍረነው ነበር። ዛሬ ፋይሉን ስንከፍተው የምናየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ነው። ፎንቱ የግእዝን ፊደላት ያስቀመጠው ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ስለነበረ፣ ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉም አብሮ ጠፋ። በአንጻሩ በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር በተራ ጽሑፍ ያስቀመጥናቸው የመለኪያ ቁጥሮች ዛሬም በማንኛውም ኮምፒውተር ያለችግር ይከፈታሉ።

ተራ ጽሑፍ ምንድን ነው?

ተራ ጽሑፍ የፊደላት መለያ ቁጥሮች ተራ በተራ የተቀመጡበት ፋይል ነው። የፊደል መጠን፣ ቀለም ወይም የገጽ ቅርጽ በውስጡ አይገኝም። የግእዝ ፊደላት የራሳቸውን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ለምሳሌ «ሀ» ቁጥሯ 4608 ነው። ዩቲኤፍ 8 በተባለው የአጻጻፍ ስልት ይህ ቁጥር በፋይሉ ውስጥ 225፣ 136 እና 128 በሆኑ 3 ባይቶች ይቀመጣል። ፎንቱ ቢለወጥ እንኳ «ሀ» ያው «ሀ» ናት።

ከምልክት ወደ ገጽ

ድረ ገጽም በመሠረቱ ተራ ጽሑፍ ነው። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 በሰርን የፊዚክስ ምርምር ማዕከል የድሩን ሐሳብ ሲያቀርብ ዓላማው ተመራማሪዎች መረጃቸውን በቀላሉ እንዲጋሩ ማድረግ ነበር። ድረ ገጾች የሚጻፉበት ኤችቲኤምኤል እያንዳንዱን ርእስ፣ አንቀጽና ዝርዝር በማዕዘን ቅንፍ በታጠሩ ምልክቶች መክፈትና መዝጋት ይጠይቃል፤ ይህንን በእጅ መጻፍ አድካሚ ነው፤ ለዓይንም አይመችም።

ጆን ግሩበር እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ያደረገው ማርክዳውን ይህንን ያቀላል። ምልክቶቹ ጥቂት ስለሆኑ ጽሑፉ ሳይለወጥም ይነበባል፦

# የብርሃን ስብረት

ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ በሰያፍ ሲገባ አቅጣጫውን ይለውጣል።

- የአየር የስብረት መለኪያ፦ 1.00
- የውሃ የስብረት መለኪያ፦ 1.33

መሰላሉ ርእስን፣ ሰረዞቹ ዝርዝርን ያመለክታሉ።

ትእዛዙ

ፓንዶክ የሚሠራው በትእዛዝ መስመር ነው፤ የሚጫን ሥዕል ወይም ቁልፍ የለውም። የትእዛዝ መስኮቱን ከፍተን በአንድ መስመር የሚከተሉትን በባዶ ቦታ እየለየን በላቲን ፊደል እንጽፋለን፦ የፕሮግራሙን ስም፣ የመነሻውን ፋይል ስም፣ ሰረዝና ትንሿን «ኤስ»፣ ሰረዝና ትንሿን «ኦ»፣ በመጨረሻም የሚፈጠረውን የድረ ገጽ ፋይል ስም። «ኦ» ውጤቱ የት እንደሚቀመጥ ትነግረዋለች። «ኤስ» ደግሞ ሙሉ ገጽ እንዲያዘጋጅ ታዘዋለች።

«ኤስ»ን መርሳት ለአማርኛ ጸሐፊ ጉዳት አለው። ያለ እርሷ የሚወጣው የገጹ አካል ብቻ ነው፤ ፊደላቱ በዩቲኤፍ 8 መጻፋቸውን የሚገልጸው የራስጌ ክፍል ይቀራል። ያን ጊዜ ብራውዘሩ በግምት ሊሠራ ይችላል፤ ግምቱ ከተሳሳተ የ«ሀ»ን 3 ባይቶች እንደ 3 የተለያዩ የላቲን ምልክቶች ያሳየናል።

በውስጡ ምን ይካሄዳል?

ፓንዶክን እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ ያቀረበው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የፍልስፍና መምህር የሆነው ጆን ማክፋርሌን ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ጽሑፉን አንብቦ በውስጡ አንድ የዛፍ ቅርጽ ይሠራል፤ ሰነዱ ግንዱ፣ ርእሶችና አንቀጾች ቅርንጫፎቹ፣ ቃላት ቅጠሎቹ ናቸው። ከዚያ ሌላው ክፍል ዛፉን ተከትሎ በተፈለገው ዓይነት ይጽፋል።

የዚህ ስልት ጥቅም በስሌት ይታያል። 10 ዓይነት ጽሑፎችን ወደ 10 ሌሎች ዓይነቶች በቀጥታ ለመለወጥ 10 × 10 = 100 መለወጫዎች ያስፈልጋሉ። ዛፉ በመካከል ሲገባ ግን 10 አንባቢዎችና 10 ጸሐፊዎች፣ በድምሩ 20 ይበቃሉ። ስለዚህ ያው አንድ ፋይል ዛሬ ድረ ገጽ፣ ነገ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል።

ዛፉ ግን ሁሉንም አይሸከምም። ከሌሎች መጻፊያዎች የመጣ የገጽ ኅዳግ ወይም ውስብስብ ሰንጠረዥ በለውጡ መካከል ሊጎድል ይችላል። ከሚፈጠረው ገጽ ይልቅ የመነሻውን ጽሑፍ እንደ መዝገብ መጠበቅ የሚገባን አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች

በመጀመሪያ፣ ከርእስና ከዝርዝር በፊት አንድ ባዶ መስመር እንተው፤ አለዚያ ፓንዶክ ከላይ ካለው አንቀጽ ጋር ያቀላቅላቸዋል። ሁለተኛ፣ በቁጥር የተራ ዝርዝር ስንጽፍ 1፣ 2፣ 3 እንጠቀም። ፩፣ ፪፣ ፫ ብንጽፍ ፓንዶክ እንደ ተራ አንቀጽ ይወስዳቸዋል።

ለልምምድ

በተራ መጻፊያ «ፊዚክስ» የሚለውን ቃል ብቻ ጽፋችሁ፣ መስመር ሳትቀይሩ በዩቲኤፍ 8 አስቀምጡ። ፋይሉ ስንት ባይት እንደሚሆን አስቀድማችሁ አስሉና ኮምፒውተሩ ከሚነግራችሁ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ በትክክል 3 ባይት ቢሆን አትደነቁ፤ አንዳንድ መጻፊያዎች በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያን ያህል መለያ ይጨምራሉ። ቀጥሎ ከላይ ያለውን የብርሃን ስብረት ምሳሌ ገልብጣችሁ በ«ኤስ» እና ያለ «ኤስ» ወደ ድረ ገጽ ለውጡት፤ ሁለቱን ውጤቶች በተራ መጻፊያ ከፍታችሁ ልዩነታቸውን መርምሩ።

እኛ የጠፋብንን ማስታወሻ ከአንድ የተረፈ የወረቀት ቅጂ እያየን፣ በዚህ ጊዜ በተራ ጽሑፍ፣ እንደገና እየጻፍነው ነው። ወረቀቱም ባይተርፍ ኖሮ ይህን ማድረግ ባልቻልን ነበር።