ነፋስ ያፈረሰው ትምህርት ቤት በቀጠሮው ቀን ተከፈተ

እጩ መምህራን ሆይ፣ እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ትምህርት ቤት ማለት ምን ማለት ነው? ግድግዳውና ጣራው ነው ወይስ መምህርና ተማሪ በቀጠሯቸው ሰዓት የሚገናኙበት ሥርዓት? በክፍል ውስጥ ይህ ጥያቄ ሲነሳ ሁላችንም «ሕንፃ ብቻ አይደለም» ብለን ቶሎ እንመልሳለን። መልሱ የሚፈተነው ግን ሕንፃው በእርግጥ የጠፋ ዕለት ነው። በአሜሪካ አገር በሚዙሪ ግዛት የምትገኘው የጆፕሊን ከተማ ይህ ፈተና ደርሶባት ነበር። የደረሰባትን አደጋና ከአደጋው በኋላ የሠራችውን ሥራ ለሙያችን ይጠቅማል ብለን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ሀ. ቶርኔዶ ምንድን ነው?

በበጋ ወራት ፀሐይ በከረረበት ሜዳ ላይ አቧራና ገለባ እያዞረ የሚነሳውን ነፋስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቶርኔዶ ሲያዩት እሱን ይመስላል፤ በአፈጣጠሩም ሆነ በጉልበቱ ግን ሌላ ነው። የአቧራው አዙሪት ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ከጋለ መሬት ወደ ላይ ይነሳና ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ቶርኔዶ ግን መብረቅና በረዶ ካዘለ ታላቅ ደመና ሥር ወርዶ መሬት የሚነካ፣ በኃይል የሚሽከረከር የአየር ዓምድ ነው። ከባሕር የሚመጣ ሞቃትና እርጥብ አየር ከደረቅና ከቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገናኝ፣ ነፋሱም በየከፍታው ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ሲለዋውጥ፣ ደመናው ራሱ መሽከርከር ሊጀምር ይችላል። የአሜሪካ መካከለኛ ሜዳ ይህ ሁሉ በአንድነት የሚገኝበት በመሆኑ ቶርኔዶ ይበዛበታል።

ለ. አደጋው እንዴት ደረሰ?

ግንቦት 14 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2011) እሑድ ነበር። 50,000 ያህል ሕዝብ በሚኖርባት በጆፕሊን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የምረቃ በዓል በከተማው ዩኒቨርሲቲ ተከብሮ ገና ማብቃቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አለፍ ሲል የማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ። ለመጠለል 20 ደቂቃ ያህል ጊዜ ነበር። ታዲያ ሕዝቡ ምን አደረገ? አብዛኛው ወዲያው አልተጠለለም። ሳይረኑ በየጊዜው እየጮኸ ምንም ሳይደርስ ስለሚቀር፣ በተረት እንደምናውቀው እረኛ፣ ጩኸቱ ተለምዶ ነበር። ብዙው ሰው ሌላ ማረጋገጫ እስኪያገኝ ጠበቀ፤ አንዳንዱም ሰማዩን ለማየት ወደ ደጅ ወጣ።

ከ11 ሰዓት ተኩል ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ ቶርኔዶው ከተማይቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰንጥቆ አለፈ። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። በምድር ላይ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ፤ ስፋቱም እስከ 1.6 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። 161 ሰዎች ሞቱ፤ ከ1,000 በላይ ቆሰሉ፤ 8,000 ያህል ሕንፃዎች ፈረሱ ወይም ተጎዱ። ከሟቾቹ አብዛኞቹን የገደለው የሕንፃ መፍረስ ነው። የከተማው ትምህርት ቤቶች ሰባት ተማሪዎችንና አንድ ሠራተኛ አጡ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም ፈራረሰ። ዕለቱ የትምህርት ቀን ሆኖ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰቡ ራሱ ያስጨንቃል።

መከራው በዚያ ዕለት አላበቃም። ከቆሰሉት መካከል 13 ሰዎች አፈርና ስንጥር በገባበት ቁስላቸው አማካይነት እምብዛም በማይታይ የፈንገስ በሽታ ተያዙ፤ አምስቱም ሞቱ። ቁስልን በንጹሕ ውኃ ማጠብና ቁስለኛውን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ማድረስ ቀላል ነገር አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሐ. ከአደጋው በኋላ ምን ተሠራ?

የትምህርት ቤቶቹ ኃላፊዎችና መምህራን የመጀመሪያ ሥራቸው ያደረጉት ፍርስራሹን መጥረግ ሳይሆን ተማሪ መፈለግ ነበር። ከመምህራኑ ብዙዎቹ ቤታቸው ፈርሶባቸዋል። ቢሆንም ከ7,000 የሚበልጡትን ተማሪዎች «ማን አለ? የት ነው ያለው? ምን ጎደለው?» እያሉ በስልክም፣ በኢንተርኔትም፣ በእግርም አፈላለጉ። በዚህ ጊዜ የስም መዝገብ የቢሮ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ የነፍስ ማዳኛ መሣሪያ ሆነ።

ሁለተኛው ሥራ ቃል መግባት ነበር። የትምህርት ቤቶቹ የበላይ ኃላፊ አዲሱ የትምህርት ዓመት በተያዘለት ቀን፣ በነሐሴ 11 ቀን 2003 (ኦገስት 17 ቀን 2011) እንደሚከፈት ለሕዝቡ ተናገሩ። የቀረው ጊዜ 87 ቀን ብቻ ነው። «እንዴት ይሆናል?» ያለ ሰው መቼም አይታጣም። ነገር ግን ወላጁ ከተማውን ጥሎ ልሂድ ወይስ ልቆይ ብሎ የሚወስነው የልጁን ትምህርት አይቶ ነውና ቀኑን ማሳወቅ ራሱ ዕርዳታ ነበር።

ቀኑ ሲደርስ ትምህርት ተጀመረ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የገቡት በገበያ ማዕከል ውስጥ ባዶ በነበረ አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ነው። መደብሩ በአጭር ጊዜ ተከፋፍሎ የመማሪያ ክፍሎች ወጡለት። መካከለኛ ደረጃ ከሆኑት ትምህርት ቤቶች አንዱም በመጋዘን ውስጥ ሥራውን ቀጠለ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መንግሥት በሰጠው ዕርዳታ ላፕቶፕ ታደላቸው።

ስለ ተስፋ አንድ ነገር እንጨምር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ምልክት ላይ «ጆፕሊን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነፋሱ ሌሎቹን ፊደላት አራግፎ «ኦ» እና «ፒ»ን ብቻ ትቶ ነበር። ከፊቱ «ኤች»፣ ከኋላው «ኢ» በፕላስተር ተሠርቶ ተጨመረበትና «ሆፕ»፣ ማለትም ተስፋ፣ ተብሎ ተነበበ።

ዳሩ ግን ተስፋ ያለ ጉልበት አይቆምም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ በጊዜ ብዛት ከ100,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች ወደ ከተማይቱ መጥተው ሠሩ። የሠሩበት ሰዓት በጥንቃቄ እየተመዘገበ፣ ከተማው ለፍርስራሽ ማንሻ መክፈል ከሚገባው ድርሻ ላይ ታሰበለት። እዚህም ላይ መዝገብ ዋጋ እንዳለው ልብ ይሏል!

ሁሉም ነገር ያለ ችግር ተከናወነ ማለት ግን አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቶች ማሠሪያ 62 ሚሊዮን ዶላር ለመበደር ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከሰባት አራት እጅ ድጋፍ ያስፈልግ ስለነበር ሐሳቡ ያለፈው በጣም ጥቂት በሆነ ብልጫ ነው። ቤቱን ገና ሠርቶ ላልጨረሰ ሰው ሌላ ዕዳ መቀበል ከባድ ነበርና አይፈረድበትም። አዲሱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 ተከፈተ። በየትምህርት ቤቱም ብርቱ ነፋስ የሚቋቋም መጠለያ ተሠራ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የአካባቢው ሕዝብም ይጠለልበታል።

መ. ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

በአገራችን ዝናብ የቀላቀለ ነፋስ የትምህርት ቤት ቆርቆሮ ገንጥሎ ሲወስድ፣ ጎርፍም መንገድ ሲዘጋ ይታያል። የምንመደብበት ትምህርት ቤት ገበያ ማዕከልም ላፕቶፕም አይኖረው ይሆናል። ቢሆንም የሚከተሉትን ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፦

1ኛ. የተማሪዎችን ስምና መኖሪያ የያዘ ሁለተኛ መዝገብ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ማስቀመጥ፤

2ኛ. በአደጋ ጊዜ የምንገናኝበትን ቦታ ከወላጆች ጋር አስቀድሞ መወሰን፤

3ኛ. የማስጠንቀቂያ ልምምድ ስናደርግ ምክንያቱን ለልጆቹ ማስረዳት፤ ምክንያቱ ያልተነገረ ደወል ይለመዳልና፤

4ኛ. ከአደጋ በኋላ በዛፍ ጥላ ሥርም ቢሆን በሰዓቱ ማስተማር መጀመር። ነፋስ ሲነሳ የሚደነግጥ ልጅ ቢኖር አለመቆጣት፤ ያየውን እንዲናገርም አለማስገደድ። ሊናገር የፈለገ ይናገር፣ ሊሥል የፈለገ ይሣል፤ ዝም ያለውም ዝም ይበል፤ ግን አብሮን ይቀመጥ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሐዘኑ ሳይወጣ ትምህርት መጀመር ልጆችን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ምክንያታችሁን አስረዱ።

2. የራሱ ቤት የፈረሰበት መምህር ለተማሪዎቹ ያለበት ግዴታ እስከ ምን ድረስ ነው? ለእሱስ ማን ሊደርስለት ይገባል?

3. ነገ ጠዋት የምታስተምሩበት ክፍል ባይኖር ከሁሉ በፊት የምትሠሩት ምንድን ነው?

በየክፍላችሁ ከተወያያችሁ በኋላ መልሳችሁን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ፤ ጥሩ ሆነው የተገኙትን በዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፋቸዋለን።