ጎማው በርሜል ውስጥ አይደር
ስለ ቤት ቧንቧ የቀረበ ትምህርት

የዛሬው ትምህርት ስለ ቧንቧ ነው። በሉማሜም ሆነ በዙሪያዋ ቤታችሁ ቧንቧ ያስገባችሁ፣ ለማስገባትም ያሰባችሁ ሁሉ፣ ቀስ እያላችሁ አንብቡት።

አዳዲስ ቃላት፦ ግፊት፣ ጎሚቶ፣ ቴፍሎን፣ ኢንች

ውሃን ማን ይገፋዋል?

ከጮቄ ተራራ የሚነሣ ውሃ ወደ ዓባይ የሚወርደው ማንም ሳይገፋው ነው። የቧንቧ ውሃም እንዲሁ ነው። ማጠራቀሚያው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲሠራ፣ ውሃው በራሱ ክብደት ይጫናል። ይህ ግፊት ይባላል። ማጠራቀሚያው ከቧንቧችሁ በ10 ሜትር ከፍ ቢል፣ የጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ 1 ኪሎ ያህል ይጫናል።

ግፊት ሲኖር ውሃ በቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል። ውሃው ሲቋረጥስ? አደጋው ያኔ ነው። ባዶ የሆነው ቧንቧ በተራው ይስባል፤ ልጆች በቀሰም ውሃ እንደሚስቡት ማለት ነው።

እኔም ተሳስቼ ነበር

ቤታችን ውስጥ የቧንቧውን ጎማ ከብት የሚጠጣበት በርሜል ውስጥ ነክሬ፣ ቧንቧውን ከፍቼ እተወው ነበር። «ውሃው ሌሊት ሲመጣ ይሞላልኛል» ብዬ ነው። አንድ ቀን የቧንቧ ሠራተኛ አይቶ፣ «ታች ያለው ጎረቤት ቧንቧውን ሲከፍት የበርሜሉ ውሃ ወደ እሱ ይሳባል፤ ልጆቹም ይጠጡታል» አለኝ። አፈርኩ። ጎማውን ያኔውኑ አወጣሁት።

ይህ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ፣ ቺካጎ በምትባል ከተማ፣ በሁለት ሆቴሎች የቧንቧ ሥራ ጉድለት ምክንያት ቆሻሻ ከመጠጥ ውሃ ጋር ተቀላቀለ። የአሜባ በሽታ ተነሣ፤ 98 ሰዎች ሞቱ። የቧንቧ ደንብ የሚወጣው እንዲህ ያለው ጥፋት እንዳይደገም ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ሥራ ኮድ 9ኛ ክፍል ስለ ሕንፃ ቧንቧ ሥራ የሚናገር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. የቧንቧው አፍ ከበርሜሉ ውሃ በላይ ይሁን። በመካከሉ ያለው ክፍተት ቢያንስ የቧንቧውን አፍ ስፋት ሁለት እጥፍ ይሁን። ጎማ ተነክሮ አይደር።

2. የንጹሕ ውሃና የቆሻሻ ቧንቧ በአንድ ቦይ አይቀበሩ። መተላለፋቸው ግድ ከሆነ ንጹሑ ከላይ ይለፍ። ቧንቧችሁን ከሽንት ቤት ጉድጓድ አርቁት።

3. ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጠለቅ። ያኔ ማረሻም የከብት ኮቴም አይደርስበትም።

4. የብረት ቧንቧ ጫፍ ጥርስ አለው። ቴፍሎኑን ጥርሱ በሚዞርበት አቅጣጫ ጠቅልሉ። በተቃራኒው ከጠቀለላችሁት ሲጠበቅ ይፈታል።

5. አፈር ከመመለሳችሁ በፊት ውሃ ልቀቁበት፤ ጫፉን ዝጉና አሳድሩት። ጠዋት መጋጠሚያውንና ጎሚቶውን (ቧንቧው የሚታጠፍበትን ዕቃ) በእጃችሁ ዳስሱ። ረጥቧል? እንደገና ይሠራ። የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ውሃው ሲቋረጥ ጭቃውን ይስባል።

6. ከጥገና በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ውሃ አትጠጡ። እስኪጠራ ድረስ ይፍሰስ።

ሱቅ ስትሄዱ ራሳችሁ አንብቡ

ቧንቧው ላይ ቁጥር ተጽፏል። ½ ማለት ግማሽ ኢንች፣ ¾ ማለት ሦስት አራተኛ ኢንች ነው። ¾ ከ½ ይሰፋል። ስፋቱ የማይገጥም ዕቃ ገዝታችሁ እንዳትመለሱ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥሩን አንብቡ። ማንበብ የተማርነው ለዚህም ነው።

ጥያቄዎች

ሀ) ውሃ ሲቋረጥ ቧንቧው ምን ያደርጋል?
ለ) በቤታችሁ ጎማ የተነከረበት በርሜል አለ? ዛሬውኑ ሂዱና እዩ።
ሐ) ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ጣሳ አስቀምጡ። በ1 ሰዓት 2 ጣሳ ከሞላ፣ በ24 ሰዓት ስንት ጣሳ ይባክናል?

መልሱን ለጎረቤታችሁ አንብቡለት። የእናንተ ቧንቧ ንጹሕ የሚሆነው የእሱም ንጹሕ ሲሆን ነውና።